ባለቤቴ የሞተበት ማክሰኞ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ በዋለ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ባለቤቴ ሞቶ ነበር። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደህና ሆነ። አሁንም ደህና ነው። ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የሆነ ቧንቧ በመጋዝ እየቆረጠ ጆሮዬን እየበላው ነው።

ታሪኩን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ሳቄ ቶሎ ያልቃል፤ ምክንያቱም ያን ቀን ስለ ራሴ ያወቅኩት ነገር አለ። የፊት ጥርሴም ጫፉ ተሸርፎ ስለቀረ ምላሴ በነካው ቁጥር ያስታውሰኛል።

መጀመሪያ ባለቤቴን ላስተዋውቃችሁ። ደረጀ ይባላል። ቀያሽ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት መሬት መለካቱን ትቶ፣ ሰው የጣለውን ዕቃ እየሰበሰበ ቅርጻ ቅርጽ መሥራት ጀመረ። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳችን ላይ ልብስ አይሰጣም፤ የተሰባበረ ሞተር፣ የብስክሌት ሰንሰለትና ወለምታ የገባው ወንበር ሞልቶበታል። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ ደረጀን የሚያየው እንደ ሥራ ባልደረባ ነው። ሁለቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ስለ አሮጌ ባትሪ በቁም ነገር ሲወያዩ ስንት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ሌላው ሰው ዕቃውን በቆራሌው ያስወጣል፤ የእኔ ቤት ዕቃ የሚገባውም በቆራሌው ነው።

በዚያ ሰሞን የሚሠራው «ከሥራ የገባ ሰው» የሚል ሥራ ነበር። ደክሞት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በጀርባው የተዘረረ ሰው ነው። ቁመቱ ልክ የደረጀን ያክላል፤ ራሱን ለክቶ ነው የሠራው። እግሮቹ የሚኒባስ ማርሚታ ናቸው። ጉልበቶቹ ኩሽኔታ፣ ጣቶቹ ካቻቢቴ፣ የተከደኑት ዓይኖቹ ደግሞ ሁለት ማንኪያዎች ናቸው። ጫማውን ከራሱ እግር አውልቆ ሰጠው። ያንን ቡኒ ቡትስ ጫማ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ክረምት ከበጋ ደረጀ እግር ላይ ሲያየው ኖሯላ።

እስከዚህ ድረስ ታገስኩ። ደረቱ ላይ ሲደርስ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ተበላሽቶብን ነበር። አሠራዋለሁ እያልኩ ሳለሁ ሰኞ ከሥራ ስመለስ ማሽኑ ተፈታቶ፣ ልብስ የሚሽከረከርበት የብረት በርሜል የሰውዬው ደረት ሆኖ አገኘሁት። ደረጀ በኩራት፣ «ልክክ አለ እኮ! እዪው» አለኝ።

ሰኞ ማታ አኩርፌ ተኛሁ። ማክሰኞ ጠዋት ኩርፊያው በአፌ ወጣ። ልብ በሉ፣ ያ ቀን ለእሱ ትልቅ ቀን ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ የብዙ ሠዓሊዎች ሥራ በሚታይበት ዐውደ ርዕይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀብለውት ነበር። ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው። እኔ ግን ያየሁት ማሽኔን ብቻ ነው።

«ሰው ቆሻሻ ይሰበስባል» አልኩት፤ «አንተ ግን ራስህ ተጥለህ የተገኘህ ነህ።»

በእጁ የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ሻዩን ሳይጠጣ፣ ሥራው የሚቀመጥበትን ቦታ ሊያዘጋጅ ወጥቶ ሄደ። እኔም ገርጂ ወዳለው ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው።

ከዚህ ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ግን በቦታው ልንገራችሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ደረጀ ያዘዛቸው አራት ጫኝ አውራጆች መጡ። ብረቱ የሰውን እጅም የደረጃውን ግድግዳም ይቧጭራል ብሎ ነጭ አንሶላ ትቶላቸው ነበር። ከራሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቀለሉትና ሦስት ቦታ ላይ በገመድ አሰሩት። ጫማው ብቻ ወጥቶ ቀረ። በጣም ይከብድ ስለነበር አንገታቸውን ደፍተው፣ በዝግታ፣ በየፎቁ እያረፉ አወረዱት።

ምድር ቤት ወይዘሮ አበራሽ ይኖራሉ። በእሳቸው በር ሳይታይ የሚያልፍ ዝንብ እንኳ የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረጀ በብየዳ ጭስ ሲያስል ሰምተዋል። አሁን ደግሞ አራት ሰዎች የተሸከሙት ነጭ አንሶላ፣ ከአንሶላው ጫፍ ያ ቡኒ ጫማ።

«ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

«ሃያ ሁለት» አላቸው ከፊት የያዘው፣ እያለከለከ።

ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሬሳ ይዞ የሚያልፍ ሰው ጥያቄ አይበዛበትም። ሃያ ሁለት ደግሞ ሆስፒታል ሞልቷል። ሰዎቹ በፒክአፕ ላይ በጥንቃቄ በጀርባው ሲያስተኙት አይተው፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር መዝግበው፣ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አቶ ታምራት ሮጡ።

አቶ ታምራት ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው። ሳያጣሩ ምንም አያደርጉም። ለሾፌሩ ደወሉ። «ያንን ሰው የት አደረሳችሁት?» አሉት።

ሾፌሩም፣ «ሃያ ሁለት፣ ከአደባባዩ ገባ ብሎ ያለው ግራጫ ሕንፃ። አዳራሹ መሃል በጀርባው አስተኝተነው ወጣን፤ ምንም አልሆነም» አላቸው።

ምንም አልሆነም የሚለውን አልሰሙትም። አዳራሽ የሚለው ነው ያናደዳቸው። አልጋ አጥተው ሰው እንዴት አዳራሽ ውስጥ ያስተኛሉ ብለው ሆስፒታሉን ሲረግሙ ቆዩ። ከዚያ የእድሩን መዝገብ አውጥተው የደረጀን ስም አራት ሰዓት ላይ ጻፉት። ድንኳኑ እንዲተከል አዘዙ። ከዚያ በኋላ ከባዱ ነገር መጣ፤ ለእኔ መንገር።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። አይነገርም። የታመመ ሰው ታሟል ይባላል፤ የሞተ ሰው ግን «ትንሽ አመም አድርጎት ነው» ይባላል። እኔ ራሴ ስንቱን ጎረቤት እንደዚህ ብዬ አታልዬ እቤቱ አድርሻለሁ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለሁ ርዕሰ መምህሩ ራሱ መጥቶ ጠራኝ። የመምህራን ማረፊያ ስገባ አቶ ታምራት፣ ወይዘሮ አበራሽና ከፎቃችን በታች የምትኖረው የናሆም እናት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አበራሽ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀው ለብሰው ነበር። እኔን ሲያዩ በፍጥነት አገላበጡት። አየሁት።

«ምነው፣ በሰላም ነው?» አልኩ።

«በሰላም ነው፣ በሰላም ነው» አሉ አቶ ታምራት። «በዚህ ስናልፍ ድንገት አንቺን እንይሽ ብለን ነው።»

ሦስት የሰሚት ሰዎች፣ በማክሰኞ ጠዋት፣ ገርጂ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ድንገት!

«ደረጀ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ደህና ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ደህና ቦታ ነው ያለው።» የናሆም እናት ይህን ስትሰማ መሀረቧን አፏ ውስጥ ወተፈችው። እሷ ጴንጤ ናት፤ መዋሸት ስለማትወድ ስለ ደረጀ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት። ይጠራል፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ይጠራል፤ አያነሳም።

«ስልኩን ማንሳት አይመቸው ይሆናል» አሉ አቶ ታምራት፣ ጣራ ጣራውን እያዩ። «ትንሽ አመም አድርጎት ነው። ግን ደህና ነው።»

አሁን ሳስበው በሳቅ እፈርሳለሁ። ያን ቀን የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነበር። ደረጀ ደህና ነበር፤ ደህና ቦታ ነበር፤ ስልኩንም ማንሳት አይችልም ነበር። እነሱ ግን የሚዋሹ መስሏቸው ነበር የሚናገሩት፤ እኔም ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር የምሰማው። ደህና ነው ባሉኝ ቁጥር ደረጀ ይበልጥ እየሞተብኝ ሄደ።

ርዕሰ መምህሩ ሳልጠይቀው፣ «ሳምንቱን ሙሉ እረፊ» አለኝ። ይህ ሰው ራሴን አሞኝ እንኳ አንድ ክፍለ ጊዜ ዝለይ ብሎኝ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ጨርሶ ተስፋ ቆረጥኩ።

በር ላይ፣ ደረጀ ወዳለበት ወደ ሃያ ሁለት ሊወስደን የእድሩ ሚኒባስ ቆሟል። ውስጡ በሰፈራችን ሴቶች ጢም ብሏል። እኔን ሲያዩ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። እነሱም ድንገት ሲያልፉ ነው መቼም።

እስከ ኢምፔሪያል ድረስ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚዞረው፤ ያ ዳቦ። ሳይበላው ሳህኑ ላይ የመለሰው ዳቦ። ከእኔ አፍ የሰማው የመጨረሻ ቃል ያ ነው? በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን የመጨረሻው ቃል ተጥለህ የተገኘህ ነህ የሚለው ይሁን?

ኢምፔሪያል መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ከጎናችን አንድ ታክሲ ቆሟል። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ሃያ ሁለት! ሃያ ሁለት!» ይላል። ወደ እኛ መኪና አየ፤ ወይዘሮ አበራሽ መልሰው የዘቀዘቁትን ነጠላ አየ። ድምፁን ቀንሶ ኮፍያውን አወለቀና «ነፍስ ይማር፣ እናቶች» አለ።

በመጨረሻ አንድ ሰው እውነቱን በግልጽ ነገረኝ። እሪታዬን አቀለጥኩት።

«ኧረ ተይ ሰናይት! ደህና ነው እያልኩሽ!» ይላሉ አቶ ታምራት። እንባቸው ክራቫታቸው ላይ ይወርዳል። በእድሩ ደንብ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ስለዚህ እየተነፋረቁም ደህና ነው ማለታቸውን አልተውም።

እኔ መስማት አቆምኩ። ደረቴን እየደቃሁ ሙሾ አወጣሁ። እንደዚህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳልወልድልህ አንድ ቀን ፊትህን ያላጠቆርክብኝ! ዘመዶችህ ሌላ አግባ ሲሉህ ስልክ የዘጋህባቸው! የማታውቀው ሰው ጎማ እንዳይበሳ ከአስፋልት ላይ ሚስማር የምትለቅመው! እኔ ክፉዋ፣ እኔ ምላሴ ይቆረጥ! ከማንኪያና ከጓጉንቸር የሠራሃትን ወፍ የሰረቅኩህ እኔ ነኝ! ጠፋች ብለህ አልጋ ሥር ስትፈልጋት ዝም ብዬ ያየሁህ! ወድጃት ነው! ትምህርት ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ናት! ሥራህን እወደዋለሁ ማለት ሞት ሆኖብኝ ነው!»

ሴቶቹ አብረውኝ ያለቅሳሉ። የናሆም እናት ብቻ ለአፍታ ለቅሶዋን አቁማ፣ «የቷ ወፍ?» ብላ ጎኗ ያለችውን ጠየቀች።

ሃያ ሁለት ስንደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግራጫው ሕንፃ በር ላይ አንድ ጥበቃ ቆሞ የጥሪ ወረቀት ጠየቀን።

«ለቅሶ በጥሪ ወረቀት የሚገባው ከመቼ ወዲህ ነው!» ብለው አቶ ታምራት ገፍተውት አለፉ። እኛም ተከተልን፤ አሥራ አራት ሴት፣ ነጠላ ዘቅዝቀን፣ እየጮህን።

አዳራሹ ውስጥ የለበሱ ያጌጡ ሰዎች መጠጥ ይዘው ቆመዋል። በዚያን ሰዓት ይህ ምን ዓይነት ሆስፒታል ነው ብሎ የሚጠይቅ ልብ አልነበረኝም። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አዳራሹ መሃል፣ ዝቅ ያለ መደብ ላይ፣ ገና ያልተገለጠ ነጭ አንሶላ። ከጫፉ ቡኒ ጫማ።

«ደረጀዬ!» ብዬ ሮጥኩና በሙሉ ክብደቴ ደረቱ ላይ ወደቅኩ። ጥርሴ የተሸረፈው ያን ጊዜ ነው። አፌ ደም ሞላ። ደረቱ ቀዝቃዛና ድርቅ ያለ ነበር፤ እኔም ቶሎ ደረቀብኝ ብዬ የባሰ ጮህኩ። ኬሚስትሪ መምህር ነኝ እያልኩ ብረትን ከሥጋ መለየት አቃተኝ።

ሴቶቹ ከበቡኝ፤ ደረት እየተመታ ሙሾ ቀጠለ። ሰዎቹ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ስልካቸውን አወጡና ይቀርጹን ጀመር። አንዲት የውጭ አገር ሴትዮ አብራን ታለቅሳለች። ደረቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች ወጣት አጠገቤ ተንበርክካ፣ «ይሄ ፐርፎርማንስ ፕሮግራሙ ላይ የለም፤ ግን በጣም ስትሮንግ ነው፣ ቀጥሉ ፕሊስ» ብላ ሹክ አለችኝ። ምን እንዳለችኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

አቶ ታምራት በዚህ ሁሉ መሃል ሥራቸውን አልረሱም። የሟች ንብረት መጥፋት የለበትም ብለው፣ ስልኩ የት እንዳለ ለማወቅ የደረጀን ቁጥር ደወሉ።

አንሶላው ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ።

የደረጀ ስልክ ጥሪ ነው። በሟቹ ደረት ውስጥ፣ በማጠቢያ ማሽኔ በርሜል ውስጥ እያስተጋባ፣ «ኩኩሉ!» አለ። ደግሞ «ኩኩሉ!» አለ።

ወይዘሮ አበራሽ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ቀኝ ሮጡ። የናሆም እናት እጇን ዘርግታ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ወደ ግራ ሮጠች። የቀሩት በየፊናቸው ሲበተኑ ከቆርቆሮ የተሠራ አንድ ቀጭኔ ገፍተው ጣሉ። አቶ ታምራት ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ከሬሳው ጋር የሚነጋገሩ ይመስል ድርቅ ብለው ቀሩ።

በዚያን ጊዜ ከኋላ ያለው በር ተከፈተና ደረጀ ገባ። አንድ እጁ መዶሻ፣ ሌላው ከሱቅ ገዝቶት የመጣውን አምፖል ይዟል።

«አገኘሁት!» አለ በደስታ። «ለካስ ደረቱን ስገጥም እዚህ ውስጥ ነው የወደቀው! ከጠዋት ጀምሮ ስፈልገው!»

ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሥራው ላይ ተዘርፍጬ፣ ከንፈሬ ደም በደም ሆኖ። ከኋላዬ የሰፈራችን ሰዎች። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የታየው ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። አልደነገጠም። ፊቱ በራ።

«ሰናይት… መጣሽ?» አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። «ሰፈሩን በሙሉ ይዘሽ መጣሽ?»

ሥራዬን ልታይልኝ መጣች ብሎ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሥራውን ቆሜ አይቼለት አላውቅም ነበር። ጥሪውን ሲሰጠኝም ወረቀቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው የወረወርኩት።

እንግዲህ ስንት ሰው የማያገኘውን ዕድል አገኘሁ። የመጨረሻ ቃሌን ማስተካከል እችላለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ያን ሁሉ የተናገርኩለት ሰው በሕይወት ፊቴ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ይህ ነው፤

«ስልክ አታነሳም እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ደረጀ ማን ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። እየዞረ ሁሉንም ጠየቀ። በመጨረሻ አቶ ታምራት ጉሮሯቸውን ጠራርገው ትከሻውን ያዙት። መርዶ የመንገር ልማድ መቼም አይለቅም፤ ለራሱ ለሟቹ እንኳ በግልጽ መናገር አቃታቸው።

«ልጄ፣ አይዞህ» አሉት። «ትንሽ አመም አድርጎህ ነበር።»

በአንድ ሚኒባስ ተመለስን፤ ደረጀም አብሮን። ሰሚት ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ንፍሮው በትልቅ ድስት ተቀቅሎ ይጠብቃል። አንሱት ብዬ ለመንኩ። አቶ ታምራት ግን ድንኳን በተተከለበት ቀን አይነሳም፣ ደንቡ አይፈቅድም አሉ። መዝገቡም ላይ ስርዝ ድልዝ አይቻልም። ስለዚህ የደረጀን ስም ሳይሰርዙ ከጎኑ «ተመልሷል» ብለው ጻፉና ፈረሙበት። እስከ ዛሬ እንደዚያው አለ።

ድንኳን ካለ፣ ንፍሮም ካለ፣ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ። ደረጀም ጠዋት ቁርሱን ስላልበላ ርቦት ነበር፤ መሃል ላይ ተቀምጦ የራሱን ንፍሮ መቆርጠም ጀመረ። እውነቱን ያልሰሙ ዘመዶቹ እየጮሁ ሲገቡ እሱ ነው ተነስቶ የሚቀበላቸው። አንዷ አክስቱ ትከሻው ላይ ወድቀው፣ «ወይኔ ደረጀ! ወይኔ ደረጀ!» እያሉ ብዙ ካለቀሱበት በኋላ ነው ቀና ብለው ፊቱን ያዩት። ውሃ ረጭተን አነቃናቸው።

ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጋብ ሲል ወይዘሮ አበራሽ፣ «ደረጀ፣ ሚስትህ መኪና ውስጥ ያለችህን ብትሰማ!» አሉ።

«ምን አለች?»

«እሷ ትንገርህ እንጂ! በይ ድገሚው!»

«ድገሚው! ድገሚው!» አሉ ሴቶቹ ሁሉ። ደረጀ ንፍሮውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

አልቻልኩም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሞክሬያለሁ። ከሁለት ሰዓት በፊት ኢምፔሪያል መሃል መንገድ ላይ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ጮክ ብዬ የተናገርኩትን፣ ለራሱ ለባለቤቱ መድገም አቃተኝ። ለሞተ ሰው ጎርፍ የሆነው አፌ ለቆመ ሰው አንዲት ጠብታ አጣ። ሁሉም ያዩኛል። እሱም ያየኛል።

ንፍሮ ዘገንኩና አፉ ውስጥ ጨመርኩት።

«ዝም ብለህ ብላ» አልኩት።

በላ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እያላመጠ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ ደግሞ ጠይቆኝ አያውቅም። ወይዘሮ አበራሽ ደረጃው ላይ አስቁመው ከነዜማው ሳይነግሩት አይቀሩም፤ ስለ ወፏም ቢሆን ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ። እኔ ግን ሚኒባስ ሙሉ ሴት የሰማውን ነገር ለአንድ ለእሱ ሳልነግረው ይኸው ዓመት አለፈ። ጠዋት ጠዋት ሊወጣ ሲል በር ላይ አስቆመዋለሁ፤ ያየኛል፣ ይጠብቃል። እኔም «ኮትህ ቆሽሿል» ብዬ አሰናብተዋለሁ። በራሴ እናደዳለሁ።

ለዚህ ነው በዚህ መጽሔት ላይ የጻፍኩላችሁ። ደረጀ መጽሔት አያነብም፤ ቆርጦ ይለጥፈዋል እንጂ። ወይዘሮ አበራሽ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ነው የሚያነቡት፤ ጮክ ብለው ስለሚያነቡ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

እማማ አበራሽ፣ እባክዎ እዚህ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

ደረጀ፣ ያን ጠዋት ያልኩህ ውሸት ነው። ሥራህን እወደዋለሁ፤ አንተንም እወድሃለሁ። የሚከብደኝ ስናገረው ነው እንጂ፣ ሲጻፍ ይኸው ይህን ያህል ነው።